ለታዳጊዎች የአከርካሪ መጣመም የሚለበሱ ብሬሶች፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላለ ቤተሰብ የቱ ይሠራል?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ «ጀርባ ያቃናል» የሚባል ቀበቶ ማግኘት አያስቸግርም። የሕክምና ዕቃ መሸጫዎች ውስጥ ይሰቀላል፣ የስፖርት ልብስ የሚሸጡ ሱቆች ያመጡታል፣ በቴሌግራም ደግሞ ቤት ድረስ ይደርሳል። የልጇ አንድ ትከሻ ከፍ ማለቱን ያየች እናት መጀመሪያ የምትደርሰው እዚያ ነው። ስለዚህ ፍርዳችንን ሳናዘገይ እንናገር፦ ዕድገት ላይ ያለ ልጅ የአከርካሪ ኩርባ እንዳይብስ የሚይዘው በልጁ አካል ልክ የተሠራ ጠንካራ የፕላስቲክ ብሬስ ነው፤ እሱም የሚይዘው በቀን ብዙ ሰዓት ከተለበሰ ብቻ ነው። የጨርቅ ቀበቶው ለዚህ ሥራ አልተሠራም። ለስላሳው የላስቲክ ልብስ መካከል ላይ ይቆማል፣ ግን ከጠንካራው ጋር አይስተካከልም።

ማንኛውንም ከመግዛት በፊት ራጅ ይቅደም። ስኮሊዮሲስ የሚባለው ቆሞ በተነሣ ራጅ ላይ የኮብ ማዕዘን (የኩርባው መጠን የሚለካበት ማዕዘን) 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ብሬስ በአብዛኛው የሚታዘዘው ከ25 እስከ 40 ዲግሪ ለሆነ ኩርባ፣ ያውም ገና ብዙ ዕድገት ለቀረው ልጅ ነው። ከ25 በታች ከሆነ ዘወትር የሚመከረው ክትትል ነው፤ በክትትሉ መካከል 5 ዲግሪና ከዚያ በላይ መጨመሩ ከታየ ግን ሐኪሙ ቀድሞ ሊያዝ ይችላል። ከ45 እስከ 50 ዲግሪ የደረሰ ኩርባ ጉዳዩ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው፤ እዚያ ላይ ብሬስ እየቀያየሩ ጊዜ ማቃጠል ልጁን ይጎዳል። የዕድገቱ ነገር የሚታወቀው በራጁ ላይ በዳሌ አጥንት ጫፍ ከሚነበበው የሪሰር ደረጃ ነው፤ ከ0 እስከ 2 ያለ ልጅ ብሬስ በጣም የሚጠቅመው ነው። ለሴት ልጅ ሌላው ምልክት የወር አበባ ነው፤ ገና ካልጀመረች ወይም ከጀመረች አንድ ዓመት ካልሞላት አከርካሪዋ ገና እያደገ ነው፣ ኩርባውም በፍጥነት ሊጨምር ይችላል።

ቤት ውስጥ ለማየት ልጁ ልብሱን አውልቆ ጀርባው ይታይ፤ እግሩን ገጥሞ፣ ጉልበቱን ሳያጥፍ፣ መዳፎቹን ገጥሞ ቀስ ብሎ ያጎንብስ። ከኋላው ዝቅ ብላችሁ ዓይናችሁን ከጀርባው ጋር አስተካክላችሁ ተመልከቱ። የአንዱ ጎን ጎድን ወይም የወገብ ጡንቻ ከሌላው ከፍ ብሎ ከታየ ወደ ሐኪም ሂዱ። ቀጥ ብሎ ሲቆም የሚታየው የትከሻ ልዩነት ብቻውን ያታልላል።

ራጁ ላይ ብዙ ገንዘብ የሚባክንበት ስህተት አለ። የደረት ራጅ አይበቃም፣ ተኝቶ የተነሣም አይሆንም፤ ኩርባው ተኝቶ ሲታይ ይቀንሳል። ልጁ ቆሞ፣ ከአንገት ሥር እስከ ዳሌ አጥንቱ ጫፍ ሙሉው መታየት አለበት፤ ዳሌው ከተቆረጠ ሪሰር አይነበብም። ጨረሩ ከጀርባ በኩል ገብቶ ፊልሙ በደረት በኩል ቢሆን ለሴት ልጅ ጡት የሚደርሰው ጨረር ያንሳል፣ ይህን ባለሙያውን መጠየቅ ነውር የለውም። አንድ ነገር ደግሞ አስታውሱ፦ ሁለት ባለሙያዎች አንዱን ራጅ ቢለኩ እስከ 5 ዲግሪ ሊለያዩ ይችላሉ። ስለዚህ 27 የነበረው 30 ሆነ ተብሎ መደንገጥም፣ 30 የነበረው 27 ሆነ ተብሎ ብሬስ መጣልም አይገባም።

ለብሬስ የማይሆን ልጅም አለ። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ የእግር መዛል ወይም መደንዘዝ፣ ሽንት አለመቆጣጠር፣ ወደ ግራ የወጣ የደረት ኩርባ ካለ ከብሬስ በፊት ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል። በሀገራችን ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ አለ፤ ወደ ኋላ ሹል ሆኖ የወጣ ጉብታ፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት ከታዩ የሚቀድመው የቲቢ ምርመራና መድኃኒቱ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ወጌሻ እንዳያሽ፤ የተዳከመ አጥንት ሲጎተት ነርቭ ሊጎዳ ይችላል።

የሱቁ ቀበቶ

በብዛት የሚሸጠው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ትከሻን ወደ ኋላ የሚስብ፣ ጀርባ ላይ የሚጠላለፍ ማሰሪያ፤ ሌላው ወገብ ላይ የሚጠመጠም፣ ውስጡ የብረት ወይም የፕላስቲክ ዘንግ ያለው ሰፊ ቀበቶ። የመጀመሪያው ሲለበስ ልጁ ወዲያው ቀና ይላል፣ ወላጅም ይደሰታል። ኩርባው ግን አልተነካም። ስኮሊዮሲስ የመጉበጥ ችግር ስላልሆነ ነው፤ አከርካሪው ወደ ጎን ይሄዳል፣ በዚያው ላይ ይዞራል፣ ጎድኖቹንም ይዞ ይዞራል። እሱን ለመያዝ ከጎን የሚገፋ፣ ከላይና ከታች ደግሞ በተቃራኒው የሚመክት ጉልበት ያስፈልጋል። ትከሻ ላይ የዋለ ጨርቅ ዳሌን አይጨብጥም፣ ጎድንንም አይገፋም። ከዚህም በላይ የብዙዎቹ ልጆች የደረት አከርካሪ ከጤናማው ይልቅ ቀጥ ያለ ነው፤ ትከሻቸውን ወደ ኋላ መሳብ የሚያስተካክለው ነገር የለም። የወገቡ ቀበቶ የአዋቂ የወገብ ሕመም ማገዣ ነው። ማግኔት ያለው የሚባለውም ከዚህ የተለየ ነገር አይሠራም።

ቀበቶው ርካሽ ነውና ምን ይጎዳል የሚል አለ። ጉዳቱ ጊዜው ነው። ልጅ በፍጥነት በሚረዝምባቸው ወራት ኩርባውም ሊሮጥ ይችላል፤ 28 ዲግሪ ላይ ብሬስ ሊይዘው የሚችለው ኩርባ ቀበቶ ታጥቆ ሲጠብቅ 45 ሊደርስ ይችላል። ለስኮሊዮሲስ ከሆነ አትግዙት።

ለስላሳው የላስቲክ ልብስ

ከእነዚህ በጣም የታወቀው ስፓይንኮር ነው፤ በካናዳ ሞንትሪያል በሴንት ጀስቲን የልጆች ሆስፒታል የተፈጠረ ነው። ዳሌ ላይ የሚቀመጥ መሠረት፣ በጭን ዙሪያ የሚያልፉ ማሰሪያዎች፣ አጭር ሰደርያ እና እንደ ኩርባው ዓይነት አቅጣጫቸው የሚወሰን የላስቲክ ገመዶች አሉት። ጥሩ ጎኑን መካድ አይገባም፦ ልጁ ይታጠፋል፣ ይሮጣል፣ በልብስ ስር እምብዛም አይታወቅም። ነገር ግን ከጠንካራ ብሬስ ጋር ሲነጻጸር ኩርባ የባሰባቸው ልጆች በላስቲኩ በኩል በዝተው ተገኝተዋል። ላስቲኩ በጊዜ ይላላል፣ በጭን የሚያልፈው ማሰሪያ ሽንት ቤት ላይ ያስቸግራል፣ ገመዶቹን ለማቀናጀትም በዚሁ የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል። ያለ ባለሙያ በኢንተርኔት ተገዝቶ በፖስታ የመጣ ከሆነ ከሱቁ ቀበቶ ብዙም አይሻልም። ጠንካራውን ፈጽሞ ያልቻለ፣ ኩርባውም ትንሽ የሆነ ልጅ ካለ ከሐኪሙ ጋር ሊታሰብ ይችላል፤ የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም።

ጠንካራው ብሬስ

ረጅም ታሪክ አለው። በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተሠራው ሚልዋኪ ብሬስ ከዳሌ እስከ አገጭ ሥር የሚደርስ የብረት ማዕቀፍ ነበረው፤ ዛሬ የሚታሰበው በአብዛኛው እምብርቱ (ከመሃል መስመር በጣም የራቀው የኩርባው ቦታ) ከሰባተኛው የደረት አከርካሪ አጥንት በላይ ለሆነ ኩርባ ነው። በ1970ዎቹ የመጣው ቦስተን ብሬስ አንገቱን ነጻ አወጣው፤ ከብብት ሥር ጀምሮ ዳሌ ላይ ያበቃል፣ ከኋላ ይከፈታል፣ ውስጡ ፓድ (አካሉን የሚገፋ ወፍራም ንጣፍ) ይለጠፍበታል። በዚያው ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ ዣክ ሼኖ የሠሩት ዓይነት ደግሞ ከፊት ይከፈታል፣ ሁለቱ ጎኖቹ አይመሳሰሉም፤ በአንድ በኩል ይገፋል፣ በተቃራኒው በኩል አካሉ የሚሄድበት ሰፊ ባዶ ቦታ ይተዋል። ሁለቱም ይሠራሉ። ከስሙ ይልቅ የሠሪው እጅ ይበልጣል።

እንደሚሠራ በምን ይታወቃል ለሚል፦ በአሜሪካና በካናዳ ተካሂዶ በ2013 የታተመ ትልቅ ጥናት አለ። ብሬስ ካደረጉት ልጆች 72 በመቶው ዕድገታቸውን ሲጨርሱ ኩርባቸው 50 ዲግሪ ሳይደርስ ቀርቷል፤ በክትትል ብቻ ከቆዩት ግን 48 በመቶው ናቸው። ብሬሶቹ ውስጥ የሙቀት መለኪያ ተቀብሮ ስለነበር ልጆቹ በእርግጥ ስንት ሰዓት እንደለበሱ ታውቋል፤ በቀን በአማካይ ከ12.9 ሰዓት በላይ የለበሱት ከ90 በመቶ በላይ ተሳክቶላቸዋል። በቀን እስከ 6 ሰዓት ብቻ የለበሱት ካልለበሱት ብዙም አልተለዩም። ከዚህ ውስጥ ሌላ ነገርም ይነበባል፦ ያለ ብሬስም ግማሽ ያህሉ 50 ዲግሪ አልደረሱም፤ ብሬስ ለብሰውም የከፋባቸው አሉ። ስለዚህ «ሙሉ በሙሉ ያቃናል» ብሎ የሚሸጥላችሁን አትመኑ። የብሬስ ሥራ ኩርባው ባለበት እንዲቆም ማድረግ ነው፤ አንዳንድ ልጅ ላይ ይቀንሳል፣ ያ ትርፍ ነው።

ለሌሊት ብቻ የሚሆኑ ቻርልስተንና ፕሮቪደንስ የሚባሉም አሉ። ልጁን ወደ ኩርባው ተቃራኒ በኃይል ይገፋሉ፤ ስለዚህ ተኝቶ እንጂ ቆሞ አይለበሱም። ለታችኛው አከርካሪ ነጠላ ኩርባ ጥሩ ናቸው፤ በደንብ የሚሠራቸው ባለሙያ ማግኘት ግን ከባድ ነው።

ማን ይሥራው?

ደሴ ላይ ሰው ሠራሽ እግርና የድጋፍ መሣሪያ የሚሠራ የአካል ተሃድሶ ማዕከል መኖሩ ለወሎ ትልቅ ነገር ነው። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በሀገራችን ባሉ ማዕከላት ያስፋፋው የፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ አሠራር ለአከርካሪ ብሬስም የሚያገለግለው ያው ዕቃ፣ ያው ምድጃ ነው። ነገር ግን እግር በደንብ የሚሠራ ባለሙያ ሁሉ የስኮሊዮሲስ ብሬስ ልምድ አለው ማለት አይደለም። የትም ብትሄዱ፣ ደሴም ይሁን 400 ኪሎ ሜትር ተጉዛችሁ አዲስ አበባ፣ ልክ ከመሰጠታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ ለስኮሊዮሲስ ብሬስ ስንት ጊዜ ሠርታችኋል? ብሬስ ለብሶ የተነሣ ራጅ ታያላችሁ ወይ? ማስተካከያው በዋጋው ውስጥ አለ ወይስ ለብቻው ይከፈላል? ማሰሪያ ቢበጠስ፣ ፓድ ቢላቀቅ ማን ይቀይራል? ልጁ ሲያድግ ቀጣዩ ስንት ነው? የልጁን ራጅ ሳያይ ልክ የሚወስድ ሰው ካጋጠማችሁ ተመለሱ። ፓዱ የት እንደሚቀመጥ የሚወሰነው ከራጁ ነውና።

አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማችኋል። ልጁ ቀጭን የጥጥ ሹራብ ለብሶ ቆሞ ወይም ተንጠልጥሎ በውኃ የራሰ የጀሶ ፋሻ ከብብት እስከ ዳሌ ይጠመጠምበታል፤ የዳሌ አጥንቶቹና የጎድኑ ጠርዝ በእርሳስ ምልክት ይደረግባቸዋል። ጀሶው ሲደርቅ ተቆርጦ ይወጣና ውስጡ ጀሶ ይሞላል፤ የልጁ ደረትና ወገብ ቅጂ ይሆናል። ዋናው ጥበብ ከዚህ በኋላ ነው። ባለሙያው ብሬሱ እንዲገፋ በሚፈልግበት ቦታ ጀሶውን ይፍቃል፣ አካሉ እንዲሄድ በሚፈልግበት ደግሞ ይጨምርበታል። ቀጥሎ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ፕላስቲክ በ180 ዲግሪ ሙቀት ለስልሶ ይለበስበታል፣ አየሩ ተመጦ ይጣበቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይቆረጣል። ብዙ ብሬስ የሚበላሸው መፋቁና መጨመሩ ሲታለፍ ነው፤ ያን ጊዜ የሚወጣው የልጁን ጠማማ ቅርጽ እንዳለ ይዞ የሚቀመጥ ቅርፊት ነው። ያሞቃል፣ ያሳክካል፣ አያቃናም።

በልኩ ቀን አትቸኩሉ። ልጁ ለብሶት ሁለት ሦስት ሰዓት ይሂድበት፣ ይቀመጥበት፣ ይብላበት፤ ከዚያ ተመልሳችሁ ይቆረጥ፣ ይስተካከል። በዚያው ዕለት ወደ መናኽሪያ ሮጦ አውቶቡስ ላይ የወጣ ቤተሰብ ዳሌው የተላጠ ልጅ ይዞ ይመለሳል። የምታዩትን እንንገራችሁ። ሲቀመጥ የፊተኛው የታች ጠርዝ ከጭኑ በሁለት ጣት ያህል ከፍ ማለት አለበት፤ ጭኑን ከነካ ወንበር ላይ ብሬሱ ወደ ላይ ይገፋል። ከወንበር ሲነሣ ብሬሱ ካለበት መንቀሳቀስ የለበትም፤ ዳሌውን ጥሩ አድርጎ ካልጨበጠ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ፓዱ የሚገፋው ከኩርባው እምብርት ጋር በተያያዘው ጎድን ላይና ከዚያ ዝቅ ብሎ ነው፤ ከእምብርቱ በላይ ከገፋ ኩርባውን ሊያባብሰው ይችላል። ከፓዱ ትይዩ በሌላኛው ጎን መዳፍ የሚያስገባ ባዶ ቦታ ፈልጉ፤ ልጁ በረጅሙ ሲተነፍስ ደረቱ ወደዚያ ባዶ ቦታ ሲሞላ መታየት አለበት። ባዶ ቦታ ከሌለ ግፊቱ አካሉን የትም አይወስደውም፣ ቆዳውን ብቻ ይጎዳል። በብብት በኩል ክንዱ የሚደነዝዝ ከሆነ ጠርዙ ከፍ ብሏል።

ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ብሬሱን ለብሶ ቆሞ ራጅ ይነሣ። ፓዱ ላይ ቀጭን ሽቦ በፕላስተር ይለጠፍ፤ ፕላስቲክ በራጅ ላይ በደንብ ስለማይታይ ሽቦው የት እንደሚገፋ ያሳያል። 36 ዲግሪ የነበረው ብሬሱ ውስጥ 18 ከሆነ በጣም ጥሩ ነው። ከ36 ወደ 32 ብቻ ከወረደ ግን ዝም ብላችሁ አትቀበሉ፤ ፓዱ ይወፍር፣ ቦታው ይለወጥ፣ ካልሆነም እንደገና ይሠራ። ኩርባው ግትር የሆነበት ልጅ ላይ ውጤቱ ያንሳል፣ ያንንም ባለሙያው በራጁ ላይ አስረድቶ ይንገራችሁ። ያለዚህ ራጅ የተሰጠ ብሬስ ግማሽ ሥራ ነው።

አለባበሱ

ከሥር የሚለበሰው ስፌቱ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ጠበብ ያለ የጥጥ ካናቴራ ነው፤ ከብሬሱ በታችም ረዘም ይበል። ገልብጣችሁ ስፌቱን ወደ ውጭ አድርጉት። ጡት መያዣው ሽቦና መንጠቆ የሌለው ይሁን። የውስጥ ሱሪ ከብሬሱ በላይ ይለበስ፤ ሽንት ቤት ለመሄድ ብሬስ መፍታት ይቀራል። ካናቴራውን ወደ ታች ጎትቶ እጥፋት እንዳይኖር ማድረግ፣ ብሬሱን ከፍቶ በጎን መግባት፣ የወገቡን ጎድጓዳ ከዳሌ አጥንት በላይ ማስቀመጥ፣ ከዚያ አልጋ ላይ በጀርባ ተኝቶ ጉልበት ማጠፍ። መጀመሪያ የወገቡ ማሰሪያ፣ ቀጥሎ የታችኛው፣ መጨረሻ የላይኛው ይጠበቅ፤ ባለሙያው ሌላ ቅደም ተከተል ካዘዘ የሱን ተከተሉ። ማሰሪያው መድረስ ያለበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት። ሩብ ሰዓት ከተንቀሳቀሰ በኋላ ይላላልና እንደገና እስከ ምልክቱ ይሳብ። ብሬስ ላላ ብሎ ሲለበስ ምቾት ያለው ይመስላል፤ ግን ስለሚንሸራተት ቆዳ የሚልጠው እሱ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰዓት ለብሶ፣ አውልቆ ቆዳውን አይቶ፣ እንደገና ሁለት ሰዓት። በየቀኑ እየጨመሩ በአሥር ወይም በአሥራ አራት ቀን ወደታዘዘው ሰዓት መድረስ ይቻላል። ሌሊቱ መጀመሪያ ይከብዳል፤ ቀኑን ሳይለምድ ሌሊቱን አታስገድዱት። ሲወልቅ ፓዱ ያረፈበት ቦታ ቢቀላ ጤናማ ነው፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መጥፋት አለበት። የማይጠፋ መቅላት፣ ውኃ የቋጠረ ወይም የተላጠ ቆዳ ካለ ቆዳው እስኪድን ይወልቅና ወደ ሠሪው ተመለሱ። ጥጥ ወይም ጨርቅ አጥፎ መሸጎጥ ግፊቱን ይጨምረዋል። ፓዱን ቤት ውስጥ በምላጭ መቁረጥ ደግሞ የብሬሱን ሥራ ያፈርሳል። ቫዝሊን፣ ሎሽን፣ ቅባት ከብሬስ ሥር አይቀባም፤ ቆዳን ያለሰልሱታል። ያልተላጠ ቆዳ በአልኮል ቢታበስ ይጠነክራል።

የሰዓቱ ጉዳይ

እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ቤተሰብ የሚሸነፈው፤ ከብሬሱ ዓይነት ይልቅ በዚህ ነው ውጤቱ የሚወሰነው። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ 18 ሰዓትና ከዚያ በላይ ያዝዛሉ። ልጅቷ ዩኒፎርሟ ሥር ብሬስ መኖሩ እንዳይታወቅ ስለምትፈልግ ትምህርት ቤት በር ላይ ፈትታ ቦርሳ ውስጥ ትከተዋለች። መቆጣት አይጠቅምም፤ ሰዓቱን አብራችሁ አስሉ። የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ከትምህርት ተመልሳ ከቀኑ 7 ሰዓት ብትለብስና እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ብትቆይ 17 ሰዓት ነው፤ ለመታጠቢያና ለእንቅስቃሴ አንድ ሰዓት ቢቀነስ 16 ይቀራል። ትምህርት ቤት ሳትለብስ ማለት ነው! ሙሉ ቀን የምትማር ከሆነ ግን ከ10 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 14 ብቻ ነው፤ አንድ ቀን ዘመድ ቤት ብትውል፣ አንድ ቀን ቢያማት ይወርዳል። ለእሷ የትምህርት ቤቱም ሰዓት ያስፈልጋል፤ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ዩኒፎርምና ሰፋ ያለ ሹራብ ይሸፍነዋል። ይህ ስሌት የሐኪሙን ትእዛዝ አይሽርም፤ ሰዓቱ ከየት እንደሚመጣ ያሳያል እንጂ። ደብተር ላይ የለበሰችበትንና ያወለቀችበትን ሰዓት ራሷ ትጻፍ። ከእናንተ የሚጠበቀው «አብሽሪ» ማለትና ማታ ማሰሪያውን አብሮ መሳብ ነው።

ሶላት ለሚሰግድ ልጅ ሩኩዕና ሱጁድ በብሬስ ውስጥ ያስቸግራል፤ ለሶላት ቢያወልቀው የሚባክነው ሰዓት ከሚፈቀደው ዕረፍት ውስጥ ይገባል፣ ወዲያው መልሶ መልበሱ ግን አይዘንጋ። በጾም ወራት ስግደት ላለበትም እንዲሁ ነው። ጸበል የሚሄድ ልጅ ለመጠመቅ ያውልቅ፣ ደርቆ ይልበስ፤ ሱባኤ ተብሎ ሁለት ሳምንት ቢተው ግን የለመደው ቆዳ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ስፖርት ማቆም አያስፈልግም፣ እንዲያውም ይበረታታል፤ ለእግር ኳስና ለሩጫ ይወልቃል። የፊዚዮቴራፒ እንቅስቃሴ፣ በተለይ ለስኮሊዮሲስ የተዘጋጀው የሽሮት ዓይነት፣ ጡንቻውን ስለሚያጠነክር ከብሬስ ጋር ይሄዳል። የደብተር ቦርሳ ክብደት ኩርባውን አላመጣውም፤ ልጁንም እናቱንም በዚህ አትውቀሱ።

የአየሩ ነገር በሁለቱ ከተሞች ይለያል። ደሴ ብርድ ነው፤ ብሬሱ እንደ አንድ ልብስ ያሞቃል፣ ብዙ ልጅ ክረምት ላይ አያማርርም። አደጋው የከሰል ምድጃ ነው። ምድጃ አጠገብ የተቀመጠ ወይም እንዲሞቅ እሳት ላይ የተያዘ ፕላስቲክ ቅርጹን ይለውጣል፣ ዓይን ግን ለውጡን አያየውም። ኮምቦልቻ ወረድ ስትሉ ጉዳዩ ላብ ነው። እዚያ ያለ ልጅ ካናቴራ በቀን ሁለቴ መቀየር ይኖርበታል፤ ቢያንስ ስድስት ካናቴራ ይኑረው። ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ያለው ሙቀት ላይ ዕረፍቱን ማድረግ፣ ማታና ሌሊቱን አጥብቆ መያዝ ይሻላል። ብሬሱ በየቀኑ በለብታ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠብ፣ በፎጣ ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ ወይም በተዘጋ መኪና ውስጥ አይተው። ቬልክሮው ፀጉርና የሹራብ ክር ሲይዝ አይጣበቅም፤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጸዳል። ቬልክሮው ከሞተ ጎበዝ ጫማ ሰፊ አዲስ ሊሰፋበት ይችላል፣ ፕላስቲኩን ግን አይንካው፣ አይብሳው።

ብሬስ ያልቃል። በአንድ ዓመት፣ ቢበዛ በአንድ ዓመት ተኩል ልጁ ያድግበታል። በየወሩ ቁመቱን በግድግዳ ላይ ምልክት አድርጉ። ማሰሪያው ከምልክቱ በፊት ከቆመ፣ መክፈቻው ከሰፋ፣ መቅላቱ ከፓዱ ቦታ ወደ ሌላ ከሄደ፣ ጡት ወይም የዳሌ አጥንት ከተጨነቀ ሰዓቱን አትቀንሱ፤ ወደ ሠሪው ሂዱ። ራጅ በየ4 እስከ 6 ወሩ፤ ከመጀመሪያው በስተቀር ብሬሱን አውልቆ ይነሣል። የሌላ ልጅ ያገለገለ ብሬስ፣ የእህት እንኳ ቢሆን፣ አይወረስም፤ ፓዱ የሚገፋው የሷን ኩርባ ነው።

የሚወልቀው የወር አበባ ከጀመረ ሁለት ዓመት ያህል ሆኖ፣ በስድስት ወር ውስጥ ቁመት ሳይጨምር፣ ሪሰር ለሴት 4 ሲደርስ ነው። ወንዶች ዘግይተው ስለሚያድጉ እስከ 5 ይጠበቃል፤ የ15 ዓመት ልጅ ጢም አበቀለ ተብሎ ብሬስ አይወልቅም። ሰዓቱ ቀስ በቀስ ይቀንስ፦ መጀመሪያ የቀኑ፣ በመጨረሻ የሌሊቱ። ካወለቀ በኋላ ጥቂት ዲግሪ መመለሱ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ በስድስት ወርና በዓመቱ ሁለት ራጅ ይነሣና ከመጀመሪያው ጋር ይተያይ። ከ30 በታች ያበቃ ኩርባ በአዋቂነት በአብዛኛው ባለበት ይቆያል፤ 50 ያለፈው ግን ከዕድገት በኋላም በዓመት አንድ ዲግሪ ያህል ሊጨምር ስለሚችል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ይየው። ፊልሞቹን ሁሉ በቅደም ተከተል፣ ቀን ጽፋችሁ፣ በአንድ ፖስታ አስቀምጡ።